«ልቡ ሌላ ቤት ነው» ያልኩት ባል... ለካስ ሌላ ነገር ኖሯል!

  ዛሬ ወደ ጨዋታችን የምገባው ትንሽ አንገቴን ደፍቼ ነው። ለምን? አሁን ታገኙታላችሁ።

በኅዳር ወር ከዳንግላ በሰው እጅ የተላከ ደብዳቤ ደረሰኝ። ሦስት ገጽ ነው፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ፣ ሁለት ቦታ ላይ ቀለሙ የረጠበ። እንባ ይሁን ሌላ አልጠየቅኩም። ማንነቷን የሚያሳውቀውን ሁሉ አውጥቼ፣ አሳጥሬ ላቅርብላችሁ።

«ይድረስ ለእህቴ። ባለቤቴ 45 ዓመቱ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ይሠራል። እኔ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። በትዳር 14 ዓመት ቆይተን ሦስት ልጆች አፍርተናል። እጁን አንስቶብኝ አያውቅም። አይጠጣም። ደመወዙን ሳይሸራርፍ ያመጣል። ሰው ሁሉ ‹ታዲያ ምን ጎደለሽ?› ይለኛል። የጎደለኝ ሰው ነው እህቴ! ሳወራው ግድግዳ ያያል። ሳለቅስ ‹ውኃ ላምጣልሽ?› ይላል። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይገባል። ወጡ በሌላ ሳህን ከቀረበለት አይበላም። እናቴ የሞተች ዕለት ድንኳን ውስጥ አሥር ደቂቃ እንኳ ሳይቀመጥ ተነሥቶ ወጣ። ሦስት ቀን ሙሉ አጠገቤ አልነበረም። እህቶቼ ይህን እስከ ዛሬ ያነሱብኛል።

«አንቺ ከሁለት ዓመት በፊት በዚሁ ዓምድ ላይ ‹ዓይንሽን የማያይ ባል ልቡ ሌላ ቤት ነው› ብለሽ ነበር። ያንን ቆርጬ ከጋብቻ ወረቀታችን ጋር አስቀመጥኩት። አምና ልፈታው ወስኜ ሽማግሌ ልልክ ስል፣ የመጨረሻው ልጃችን በ7 ዓመቱ አፉን አልፈታ ብሎ አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ‹ኦቲዝም ነው› አሉን። ከዚያ ሐኪሙ ወደ ባሌ ዞረው ስለ ልጅነቱ ይጠይቁት ጀመር። አንድ ቀን አልበቃቸውም፣ ሦስት ጊዜ አመላለሱት። እናቱን ሳይቀር በስልክ ጠየቁ። በመጨረሻ ‹እርስዎም ኦቲዝም አለብዎት፣ ከልደትዎ ጀምሮ› ብለው በወረቀት ሰጡት።

«እህቴ፣ ያን ቀን እኔ አለቀስኩ፣ እሱ ግን ሳቀ። አሁን ግን ጭራሽ ባሰበት! ወረቀቱን ኪሱ ይዞ ይዞራል። ለቅሶ አልሄድም፣ ሰርግ አልሄድም፣ ማኅበር አልሄድም፤ ምክንያቱን ስጠይቀው ‹ኦቲዝም አለብኝ› ነው መልሱ። አማቴ ደግሞ ‹ልጄን ጠበል ውሰጂልኝ› እያሉ ይለምኑኛል። እኔ መሐል ላይ ቆሜያለሁ። ልፈታው የነበረው ሰው ሌላ ነበር ማለት ነው? 14 ዓመት የተናደድኩትስ በማን ላይ ነው? ምከሪኝ...»

ደብዳቤው እዚህ ላይ ያበቃል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ አንገቴን የደፋሁበት ምክንያት ይኸው ነው። «ዓይንሽን የማያይ ባል...» ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ። አንዲት አንባቢ ጠይቃኝ፣ ባሏን አይቼው ሳላውቅ፣ ሻዬን እየጠጣሁ በአምስት ደቂቃ የፈረድኩት ፍርድ ነው። እኔ የኮሶበር ልጅ ነኝ (እናንተ እንጅባራ የምትሏት)። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ወደ ጋዜጣ የገባሁ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ያም ሆኖ ቃሌ ከአንዲት ሴት የጋብቻ ወረቀት ጋር ተጣጥፎ ተቀምጦ ነበር! ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ የደረስኩበትን ሁሉ አነበብኩ፣ የአእምሮ ሐኪሞችን ጠየቅኩ፣ በኋላም ባልና ሚስቱን በአካል አገኘኋቸው። ያገኘሁትን ልንገራችሁ።

ኦቲዝም ምንድን ነው?

ኦቲዝም እንደ ጉንፋን የሚይዝና የሚለቅ በሽታ አይደለም። እርግማንም፣ የአስተዳደግ ጉድለትም አይደለም። አንጎል ገና ከጅምሩ በተለየ መንገድ ሲያድግ የሚመጣ አፈጣጠር ነው። ዘር ትልቅ ድርሻ አለው። ከአንድ ቤተሰብ ውስጥ ከአንድ በላይ ሰው ላይ መታየቱም ለዚህ ነው። ባለሙያዎች ሁለት ነገሮችን ይመለከታሉ። አንደኛው ከሰው ጋር መግባባት ነው፦ የፊት ገጽታን ማንበብ፣ ያልተነገረውን መረዳት፣ ወሬ መቀበልና መመለስ ይከብዳል። ሁለተኛው ድግግሞሽና ስሜት ነው፦ አንድ ዓይነት ሥርዓት መውደድ፣ በአንድ ነገር መመሰጥ፣ ድምፅ ወይም ብርሃን ወይም የልብስ ሻካራነት ከሌላው ሰው በላይ መሰማት። (አንዳንዱ ደግሞ በተቃራኒው ብርዱም ሕመሙም እምብዛም አይሰማውም።)

በደም ምርመራ አይገኝም። ራጅም አያሳየውም። የሚታወቀው በጥያቄና መልስ፣ በማስተዋል፣ የልጅነት ታሪክን ከእናት ከአባት በመስማት ነው። የዳንግላው ሰውዬ እናት በስልክ የተጠየቁት በዚህ ምክንያት ነው።

«ታዲያ ስንት ሰው ነው እንዲህ የሆነው?» ካላችሁ፣ የዓለም የጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ገምቷል። አንድ አገር አቋራጭ አውቶብስ 60 ሰው ይጭናል ብንል፣ ሁለት አውቶብስ ሙሉ ተሳፋሪ ውስጥ አንድ ሰው ማለት ነው። ያ ሰው መስኮቱን ይዞ፣ ከማንም ጋር ሳያወራ፣ ሾፌሩ ሙዚቃውን ቢቀንስለት እየተመኘ የሚሄደው ሊሆን ይችላል።

ሁሉም ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ዕድሜውን ሙሉ ንግግር የለውም፣ ቀን ከሌት ረዳት ይፈልጋል። ሌላው ደመወዝ እየበላ፣ ትዳር ይዞ፣ ልጅ ወልዶ ይኖራል። ይኼኛውን ነው ማንም የማያየው!

45 ዓመት ሙሉ እንዴት ማንም አላወቀም?

ይህን ጥያቄ ብዙዎቻችሁ እንደምታነሱት አውቃለሁ። መልሱ ግማሹ ከታሪክ፣ ግማሹ ደግሞ ከኛው ከራሳችን ጉያ ነው።

ከታሪኩ ልጀምር። ሊዮ ካነር የተባሉ በአሜሪካ የሚሠሩ የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ስለ 11 ልጆች የጻፉት በ1943 እ.ኤ.አ. ነው። በማግሥቱ ዓመት የቪየናው ሐንስ አስፐርገር ንግግራቸው የተስተካከለ፣ ግን ከእኩዮቻቸው ጋር መግባባት ስላቃታቸው ልጆች ጻፉ። የእሳቸው ጽሑፍ በጀርመንኛ ነበርና እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሎርና ዊንግ በ1981 እ.ኤ.አ. እስኪያነሱት ድረስ በሰፊው አልታወቀም። ሁሉም «የኦቲዝም ስፔክትረም» በሚል በአንድ ስም የተጠቃለለው ደግሞ በ2013 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ነው። እንግዲህ አስቡት፣ ይህ ሰው ሲወለድ በሠለጠነው ዓለም እንኳ እንደ እሱ ያለውን ልጅ የሚለይ ሐኪም እምብዛም አልነበረም።

ወደ አገራችን እንምጣ። ኦቲዝምን በኢትዮጵያ አደባባይ ያወጣችው እናት ዘሚ የኑስ ናት፣ ነፍሷን ይማርና። ከአሜሪካ ተመልሳ የውበት ትምህርት ቤት የከፈተች ሴት ነበረች። ልጇን ጆጆን የሚቀበል ትምህርት ቤት ስታጣ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ መሠረተች። ያኔ ብዙ ወላጅ ልጁን ከሰው ዓይን ደብቆ ያኖር ነበር፣ እሷ ግን የራሷን ልጅ ይዛ ወጣች። በ2013 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ከዚህ ዓለም ብትለይም፣ «ኦቲዝም» የሚለውን ቃል ለአማርኛ ሰጥታን ሄዳለች ማለት ይቻላል። አሁን ሒሳቡን ሥሩት፦ ማዕከሉ ሲከፈት የዳንግላው ሰውዬ የ22 ዓመት ጎረምሳ ነበር። ማዕከሉ የተከፈተው ደግሞ ለሕፃናት ነው። እሱን ማን ይጠይቀው?

ሁለተኛው ምክንያት እኛው ነን። እስቲ አስቡት... ትልቅ ሰው ሲያናግረው ዓይን ለዓይን የማያይ ልጅ በፈረንጅ አገር ጥርጣሬ ያስነሳል። በኛ አገር ግን «አንገቱን የደፋ፣ ጨዋ ልጅ» ተብሎ ይመሰገናል! ካልጠየቁት የማይናገረው «ጭምት» ነው። ከልጆች ተነጥሎ የሚውለው «ቁም ነገረኛ» ነው። ይህ ሰው በልጅነቱ ሦስቱንም ስም ተሸልሟል። ምስጋናው ያበቃው ሲያድግ ነው። ጭምት የተባለው ልጅ በ30 ዓመቱ «ደረቅ» ሆነ፣ በ40 ዓመቱ «ሰው የማይወድ» ሆነ። ሰውዬው አልተለወጠም፣ ስሙ ነው የተለወጠው።

ቋንቋችንስ ቢሆን? እኛ የምንፈልገውን በቀጥታ እንናገራለን እንዴ! በሰምና ወርቅ ነው የምንግባባው። «አይ ይቅርብኝ» ስንል «ለምኑኝ» ማለታችን ነው። «አፈር ስሆን ብላ» ስንል አፈር ለመሆን አስበን አይደለም። ይኸው ሰው በስድስት ዓመቱ አክስቱ «አፈር ስሆን» ስላሉት ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ አድሮ ነበር፤ በእርግጥ አፈር የሚሆኑ መስሎት። ዛሬም ሚስቱ «አይ፣ ግድ የለም፣ እኔ ብቻዬን እሸከመዋለሁ» ስትለው «እሺ» ብሎ ይቀመጣል። እሷ ትናደዳለች። እሱ ደግሞ የታዘዘውን ስላደረገ ምን እንዳጠፋ አይገባውም።

ከእንጅባራ ዳር፣ በጥር 24

ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የፈረስ ቀን መሆኑን የማታውቁ ካላችሁ ዕወቁ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓድዋ የዘመቱትን ፈረሰኞችና ፈረሶች የሚዘክርበት ዕለት ነው። ሜዳው ባጌጡ ፈረሶች ይሞላል፣ ሽለላውና ቀረርቶው ይቀልጣል፣ የሰው ብዛት ለጉድ ነው። እኔም ለበዓሉ አገሬ ገብቼ ስለነበር ባልና ሚስቱን ለመገናኘት ደወልኩ። ባልየው በስልክ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «በ23 አልመጣም። በ24 ሕዝቡ ሲበተን፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እመጣለሁ።»

ልክ 2 ሰዓት ላይ ደረሱ። አንድ ደቂቃ አላዛነፉም! ትንሹ ልጅም አብሯቸው ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ሣር የሚግጡ ጥቂት ፈረሶች ነበሩ። አባትና ልጅ ጎን ለጎን ቆመው ፈረሶቹን ያዩ ጀመር። አንድ ቃል አልተለዋወጡም። አንዱ ፈረስ ጭራውን ባወናጨፈ ቁጥር ሁለቱም እኩል ፈገግ ይላሉ። እናትየው ወደኔ ጠጋ ብላ «አየሻቸው? እንዲህ ናቸው። እኔ ለሁለቱም እንግዳ ነኝ» አለችኝ። ድምጿ ውስጥ ቅናትም ፍቅርም ነበረበት።

«ጋሼ፣ እስቲ ስለራስዎ ይንገሩኝ» አልኩት።

«ከየት ልጀምር? ከልደቴ ነው ወይስ ወረቀቱን ካገኘሁበት ቀን?» አለኝ። ሲቀልድ መስሎኝ ልስቅ ነበር፣ ደግነቱ አልሳቅኩም። ከወረቀቱ ይጀምሩልኝ አልኩት።

«ሰው ሁሉ ያነበበው አንድ መጽሐፍ አለ፣ እኔ ብቻ ሳላነበው ለፈተና የተቀመጥኩ ይመስለኝ ነበር» አለኝ። «መቼ እንደሚሳቅ፣ መቼ እንደሚታዘን፣ ስንት ጊዜ እንደሚሳሳሙ... እያየሁ ነበር የምቀዳው። ማታ ቤቴ ስገባ እንደ ቀን ሠራተኛ ይደክመኛል። ስንፍና መስሎኝ ነበር። ወረቀቱን ሲሰጡኝ የሳቅኩት ሰነፍ አለመሆኔን ስላወቅኩ ነው። በኋላ ግን ተናደድኩ። መምህሬ በአለንጋ የገረፈኝ ሁሉ ትዝ አለኝ።»

ለቅሶውንስ? ብዬ ጠየቅኩ። ሚስቲቱ ፊቷን አዞረች።

«ብዙ ሰው በአንድ ላይ ሲጮህ ጭንቅላቴ ውስጥ ወፍጮ ይነሣል። መቀመጥ አልቻልኩም። ከቤቱ ጀርባ ሄጄ እንጨት ፈለጥኩ። ሦስት ቀን ፈለጥኩ። ውኃም ቀዳሁ። ለቀስተኛው የበላው በዚያ እንጨት የበሰለውን ነው። ሥራ ነው ብዬ ነው እንጂ ሽሽት መሆኑን አላወቅኩም።»

እሷ እንዲህ ስትል ሰማኋት፦ «አንድም ቀን አልነገርከኝም!»

«አልጠየቅሽኝም» አለ።

«አጠገቤ እንድትቀመጥ ነበር የምፈልገው። ይህም ይነገራል?»

«ብትነግሪኝ እቀመጥ ነበር» አለ። በቃ። «ይቅርታ» አላለም። እሷም አላቀፈችውም። እንደ ፊልም እንዲያልቅ የጠበቃችሁ ካላችሁ ይቅርታ፣ የሆነው ይኸው ነው። ግን ያቺ ሴት ለዓመታት «ጥሎኝ ሄደ» ያለችው ሰው ከቤቱ ጀርባ እንጨት ሲፈልጥ እንደነበር በዚያች ጠዋት ነው ያወቀችው።

ከዚያ እኔ ድፍረት ቢጤ መጣብኝ። ንብረት ክፍል የሚሠራ ሰው አይደል? መቼም ሞዴል 19 ዕቃ ገቢ የሚሆንበት፣ ሞዴል 22 ደግሞ ወጪ የሚሆንበት መሆኑን መንግሥት ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። «ጋሼ፣ ሐኪሙ የሰጡዎት ወረቀት ሞዴል 19 ይመስለኛል። ያለዎትን ነገር መዝግቦ ያሳወቀዎት ነው። እርስዎ ግን እንደ ሞዴል 22 ቆጥረው ከለቅሶውም ከሰርጉም በሱ እየወጡ ነው» አልኩት።

ረጅም ዝምታ። ፈረሶቹን አየ። «ሞዴል 22 ላይ የተቀባይ ፊርማ ያስፈልጋል» አለ በመጨረሻ። «ባለቤቴ አልፈረመችም።»

ሚስቲቱ ሳቀች። እሱም ሳቀ፣ ትንሽ ዘግይቶ።

ታዲያ ምን ይሁን?

እዚያው ሣሩ ላይ ተቀምጠን ሁለቱ የተስማሙበትን ልንገራችሁ። የእድሩ ዳኛ ሰው ሲያፈላልጉ ስለነበር፣ እሱ የእድሩን ንብረት ይዞ እንዲያገለግል ይጠይቃል። ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ድስቱን፣ ሳህኑን ቆጥሮ ማውጣትና ቆጥሮ መመለስ! ሕዝቡ ሳይደርስ ይሄዳል፣ ድንኳኑን ይተክላል፣ ሐዘንተኞቹን ያያል፣ ጩኸቱ ሲበዛ ወደ ዕቃው ይሄዳል። ከማንም ለቅሶ አይቀርም፣ ማንም «አልመጣም» አይለውም። ሰርግ ግን ሙዚቃው ስለማይቻለው እሷ ትሄዳለች፣ እሱ በማግሥቱ ጠዋት ሄዶ «እንኳን ደስ አላችሁ» ይላል። እሷ ደግሞ የምትፈልገውን በግልጽ ትነግረዋለች፣ በአሽሙር ሳይሆን። «ከበደኝ፣ አንሣልኝ» ትለዋለች። «ዛሬ ከፍቶኛል፣ አጠገቤ ተቀመጥ፣ ምንም አትናገር» ትለዋለች።

በየካቲት መጨረሻ ደወለችልኝ። ሁለት ለቅሶ ላይ ድንኳን ተክሏል። «እህቶቼ ገና አላመኑም፣ እኔም ግማሽ በግማሽ ነኝ። ግን ጽሑፍሽን ከጋብቻ ወረቀቴ ጋር ከነበረበት አውጥቼዋለሁ» አለችኝ። ቀደደችው ወይስ አላደረገችውም? አልጠየቅኳትም።

አሁን ወደ እናንተ ወደ ወጣቶቹ ልመለስ። ይህን እያነበባችሁ «ይሄማ አባቴ ነው!» «ይሄማ የፊዚክስ መምህራችን ነው!» ወይም «ይሄማ እኔው ነኝ!» ያላችሁ ትኖራላችሁ። እነሆ ምክሬ፣ ይህችኛዋ ግን በአምስት ደቂቃ የተጻፈች አይደለችም፦

በጋዜጣ አትመርምሩ። ዝምታ የወደደ ሁሉ ኦቲዝም የለበትም። የሚያመነዝር ባልም ዓይን ሊሸሽ ይችላል፣ የተጨነቀ ሰውም እንዲሁ። ጥርጣሬ ካላችሁ ቅርባችሁ ባለ ሆስፒታል ወደ አእምሮ ጤና ክፍል ሂዱ። ከአዊ ብትነሡ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን አሉ፣ አዲስ አበባ ደግሞ አማኑኤል አለ። ስትሄዱ የልጅነታችሁን ነገር የሚያውቅ ሰው ስልክ ያዙ።

መድኃኒት አትፈልጉለት። ኦቲዝምን የሚያጠፋ ክኒንም መርፌም የለም። «አድናለሁ» የሚላችሁ ካለ ኪሳችሁን ጠብቁ። ነገር ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ራሳቸውን ደብቀው የኖሩ ሰዎች ላይ ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣትና ከባድ ድብርት ይበዛል፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብም ከሌላው ይልቅ ይበረታባቸዋል። ይህ ሕክምና አለውና አንድ ቀን አታሳድሩት።

ጠበልን ከሐኪም ጋር አታጣሉ። እምነቱ ያለው ይጠመቅ፣ ማን ይከለክላል? የዳንግላው ሰውዬም አማቲቱን አላሳዘነም፣ ሰው ሳይበዛ ማለዳ ይሄዳል። ነገር ግን ማሰርና መምታት ከእምነትም አይገኝም።

ለሁሉ አትናገሩ፣ ከሁሉም አትደብቁ። መጀመሪያ አብሮ ለሚኖር፣ ቀጥሎ ለሚታመን አንድ የሥራ ባልደረባ ይበቃል። ለአለቃ ስትናገሩ ስሙን ሳይሆን የምትፈልጉትን ንገሩ፦ «ትእዛዙን በጽሑፍ ቢያደርጉልኝ ሥራው ይቀልጥልዎታል» በሉ።

ለሴቶች ልዩ መልእክት አለኝ። ሴት ልጅ ከሕፃንነቷ «እንዲህ ተቀመጪ፣ እንዲህ ሳቂ» ተብላ ስለምትሠለጥን ጎልቶ አይታይባትም፣ ከወንዱም ይልቅ ሳትታወቅ ትኖራለች። ስኮትላንዳዊቷ ዘፋኝ ሱዛን ቦይል በልጅነቷ አንጎሏ የተጎዳ ነው ተብላ አድጋ፣ እውነተኛውን ነገር ይፋ ያደረገችው በ2013 እ.ኤ.አ. በ52 ዓመቷ ነው። እፎይታ እንደሆነላት ተናግራለች። ድምፅዋ ያው ድምፅ ነው፣ የተለወጠው ራሷን ያየችበት ዓይን ነው።

የመጨረሻው ደግሞ ለሰፈርተኛው ሁሉ ነው። ካነር ከጻፉላቸው 11 ልጆች የመጀመሪያው ዶናልድ ትሪፕሌት ይባላል። በአሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት ፎረስት የምትባል ትንሽ ከተማ ልጅ ነው። በሦስት ዓመቱ ከቤት አርቀው ተቋም አስገብተውት ነበር፣ ወላጆቹ ከዓመት በኋላ መልሰው ወሰዱት። ኮሌጅ ጨረሰ፣ ባንክ ሠራ፣ ጎልፍ ተጫወተ፣ በርካታ አገሮችን ዞሮ አየ፣ በ2023 እ.ኤ.አ. በ89 ዓመቱ ዐረፈ። ከሐኪሞቹ ይልቅ የጠቀመው ያች ትንሽ ከተማ «የኛው ዶን ነው» ብላ መቀበሏ ነው ይባላል። ታዲያ ዳንግላና እንጅባራ ከፎረስት በምን ያንሳሉ? እድር አለን፣ ደቦ አለን፣ ማኅበር አለን። የጎደለን ነገር ቢኖር ድንኳን ውስጥ የማይቀመጠው ሰው ከቤቱ ጀርባ ምን እየሠራ እንደሆነ ዞር ብሎ ማየት ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ለጠየቅሽኝ ለዚያችኛዋ እህቴም አንድ ቃል አለኝ። ባልሽን አላየሁትም፣ አላውቀውም። መልሴን ግን ዛሬ መልሼ ወስጃለሁ። ጋዜጣው ደርሶሽ ካነበብሽው፣ እባክሽ ጻፊልኝ።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!